መምህርና መሣሪያ፤ ወላይታ ያየችው

በሶዶ ከተማ የተማሩ ሰዎች ስለ ትምህርት ሲጫወቱ፥ በዛሬው ዘመን ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «መጽሐፉም፥ ሥዕሉም፥ ድምፁም በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ከተገኘ፥ እንግዲህ መምህር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔም ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ይህ ጥያቄ ልቤን ሲነካው ኖሯል። ነገር ግን መምህር ስለ መምህርነት ሲከራከር ስለ እንጀራው የሚከራከር ይመስላልና፥ በእኔ ፈንታ ታሪክ ቢመልስ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የወላይታ አገር በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ዓይነት የመማሪያ መሣሪያ ሲገባባት አይታለችና፥ ለዚህ ነገር የታመነች ምስክር ናት።

በ1887 ዓ.ም ካዎ ጦና ድል ሆነው ወላይታ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ስትገባ፥ የሕዝቡ ዕውቀት የሚጠበቀው በቃል ነበር። የዘር ቈጠራው፥ የእርሻው ብልሃት፥ የዳኝነቱም ሥርዓት ከአባት ወደ ልጅ በአንደበት ይተላለፍ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ፊደል በሚቈጠርበትም ስፍራ፥ መጽሐፉ አንድ፥ ተማሪዎቹ ግን ብዙ ነበሩ። ልጁ ንባቡን የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነው፤ ሲሳሳት የሚያርመው፥ ሲታክት የሚያነቃውም የኔታ ነው። ብራናው ታላቅ ሀብት ቢሆንም፥ መምህር ካልከፈተው በቀር ዝም ያለ ሀብት ነበር።

በ1920 ዓ.ም የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ሶዶ መጥተው ሥራ ጀመሩ። ኢጣሊያ አገሩን ከያዘ በኋላ ግን በ1929 ዓ.ም ለቀው ለመውጣት ግድ ሆነባቸው። ራሳቸው እንደ ጻፉት፥ ሲወጡ የተዉአቸው የተጠመቁ ሰዎች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ቍጥራቸው 10,000 ያህል ሆኖ አገኙት። ስለ ሃይማኖት ልዩነት በዚህ ስፍራ አንከራከርም፤ የመምህር ዓይን የሚያርፈው በሌላ ነገር ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት የታተመ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበር፤ የውጭዎቹም አስተማሪዎች አልነበሩም። ትምህርቱን ከመንደር ወደ መንደር ያደረሱት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ያደረሱትም በአገሩ ቋንቋ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት ቋንቋዎች አምስት ሲሆኑ፥ እነርሱም አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛና ወላይትኛ ነበሩ፤ ኋላም ወደ 15 ደረሱ። ሁሉም የተጻፉት በእኛው ፊደል ነው። የጊዜው መንግሥት ዘመቻውን ለፖለቲካው እንደ ተጠቀመበት፥ ብዙ ሰውም ሳይወድ እንደ ተገደደ አይካድም። ሆኖም ሥራው በፈረንጅ 1980 የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበርን ሽልማት አግኝቷል። መሣሪያውን ብንመረምር ጥቁር ሰሌዳ፥ ጠመኔ፥ ቀጭን መጽሐፍና የሬዲዮ ትምህርት ነው፤ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ነገር ግን በዕድሜ የገፉ እናት በጓዳቸው የሚናገሩት ወላይትኛ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲያዩ፥ ንባብ የሌላ ሰው ርስት አለመሆኑን ዐወቁ።

ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወላይትኛ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ማስተማሪያ ሆነ፤ ጽሕፈቱም ወደ ላቲን ፊደል ተለወጠ። ጥቂት ቈይቶ ግን ከወላይታ፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች መነሻ ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» የተባለ፥ አራቱን ቋንቋዎች የቀላቀለ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ መጣ። መጽሐፉ አዲስ ነው፤ ብዙ ገንዘብም ወጥቶበታል። ነገር ግን ከሚማሩበት ልጆች አንዱ እንኳ በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ነበር። በ1992 ዓ.ም በሶዶ መምህራን፥ ተማሪዎችና ሕዝቡ ተቃወሙ፤ ሰው ሞተ፥ መምህራንም ታሰሩ፥ ከስፍራቸውም ተዛወሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለመጽሐፍ ሲባል ደም ፈሰሰ ቢባል፥ የሩቅ ሰው ላያምን ይችላል። መምህሩን ሳይጠይቁ የተማሪውን አንደበት ለመለወጥ የተሠራ መሣሪያ ግን ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በ1997 ዓ.ም ግድም ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ሒሳብን፥ ፊዚክስን፥ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን የመሳሰለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፥ በሳተላይት በአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይታይ ጀመር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለመምህሩ የሚተርፈው መክፈቻና መዝጊያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ በእኛ ቤተ ሙከራ የማይገኘውን ነገር ያሳያል። ነገር ግን «አልገባኝም» ብሎ እጁን ለሚያነሣ ልጅ አይቆምለትም፤ መብራትም ከጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። በቤት ወላይትኛ፥ በገበያ አማርኛ የሚናገረው ልጅ፥ ያልለመደውን እንግሊዝኛ ከሚፈጥን አንደበት እንዲቀበል ተጠየቀ።

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ ላወጣ አልፈልግም። በዚያ ዘመን እኔም ከመስተዋቱ ጐን ከቆሙት መምህራን አንዱ ነበርሁ። በፊት ሌሊት ተቀምጬ የማዘጋጀውን ትምህርት መሣሪያው ስለ ያዘልኝ፥ በልቤ ደስ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ተማሪ ጥያቄ ቢጠይቀኝ፥ መልሱን በማውቀው ነገር ላይ እንኳ አንደበቴ ተሳሰረ። መሣሪያው ከተማሪዎቹ ይልቅ እኔን ዝም ማሰኘቱን ያን ቀን ተረዳሁ። ያደከመኝም እርሱ ብቻ አይደለም፤ ስንፍናዬም አግዞታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፥ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ በየከተማውም በስልክ የሚልኩ መምህራን ነበሩ። ስልክና መብራት ያለው ቤት ጥቂት ተጠቀመ፤ ከዳሞታ ተራራ ወዲያ ማዶ ያለው የገበሬ ልጅ ግን ከብት ጠባቂ ሆነ። ያን ጊዜ «መምህር ምን ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ አልሰማሁም። የሚሰማው «መቼ ይከፈታል?» የሚል ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም። ብራናውና ቀለሙም በዘመናቸው የብልሃት ሥራ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም በተመሠረተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፥ አባቶቹ በሕልማቸው ያላዩትን መጽሐፍ ዛሬ በእጁ መዳፍ ላይ ያነብባል፤ ይህን የሚጠላ መምህር የትምህርት ጠላት ነው። ነገር ግን ከታሪኩ እንደምናየው፥ መሣሪያው የአገሩን ቋንቋ ለሚያውቅ መምህር በተሰጠ ጊዜ ቀጭኑ መጽሐፍ እንኳ ፍሬ አፈራ፤ በመምህሩ ላይ በተሾመ ጊዜ ግን ውዱ ነገር መከነ። «ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ» የሚባለው ተረት የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የደብር አለቆችም፥ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችም፥ የከተማው ሽማግሌዎችም ለልጆቻችን አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ስታዋጡ፥ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በምን ቋንቋ ይናገራል? ልጁ ባልገባው ጊዜ መምህሩ ሊያቆመው ይችላልን? መምህሩስ በእርሱ ላይ ሠልጥኗልን? መልሱ በጎ ከሆነ ግዙት። ካልሆነ ግን ገንዘቡን ለመምህሩ ማሠልጠኛ አድርጉት፤ እርሱ መብራት ቢጠፋም ይናገራልና።