አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ

ከቡሌ ደጋ ልጇን ይዛ ዲላ ሆስፒታል የደረሰች እናት አስቡ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ችግሯን የምታስረዳው በጌዴኡፋ ነው። አብሯት የመጣው የወንድሟ ልጅ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ያ ሁሉ ንግግር በአንድ ቃል ያልቃል፦ «ለምጽ ነው የምትለው።» የቆዳ ሕክምና ልማር ብሎ የተነሳ ወጣት ሐኪም ከመድኃኒቶቹ ስም በፊት ይህን ቃል ቢመረምር ደስ ይለኛል። በውስጡ ሁለት በሽታ ተደራርቦ ይኖራልና።

ለምጽ ግእዝ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲመለስ «ሌፕራ» በነበረበት ቦታ ገባ። ሌፕራ ከቅርፊትና ከመላጥ ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን፣ የግሪክ ሐኪሞች የሚቀረፍ ቆዳን ነበር እንዲያ የሚሉት። ከግሪኩ ጀርባ ያለው ዕብራይስጥ ደግሞ «ጻራዓት» ይላል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ና 14ን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ይኸው ደዌ በሰው ገላ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳም ላይ እንደሚወጣ ያያል። እንግዲህ ግድግዳ የሚይዝ በሽታ ዛሬ በምናውቀው በአንድ በሽታ ብቻ ሊወሰን አይችልም። ሆኖም ለምጻሙ ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ የሚለው ትእዛዝ ከስሙ ጋር ተጣብቆ እስከ እኛ ደረሰ። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቀለሙን ያጣ ነጭ ቆዳ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጣት አያጎድልም። ፍርሃቱ ግን የጥንቱ ነው።

ሌላኛው በሽታ፣ ሥጋ ደዌ፣ ስሙን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። «ደዌ» ደወየ፣ ታመመ ከሚለው ይወጣል። ግእዙ «ደዌ ሥጋ» ብሎ ከ«ደዌ ነፍስ» ሲለይ ማንኛውንም የገላ ሕመም ማለቱ ነው። አማርኛ ሁለቱን ቃላት አገላብጦ «ሥጋ ደዌ» ሲል ለአንዱ በሽታ ብቻ ሰጠው። «ቁምጥና» ግን ቆመጠ፣ ጫፉ ተቆርጦ አጠረ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰውየውን በጎደለው ጣቱ ይጠራዋል። ይህን ቃል ከሐኪም አፍ መስማት አልፈልግም።

የሙያው መጠሪያ «የቆዳና የአባላዘር ሕክምና» ነው። አባላዘርም ግእዝ ነው፤ አባለ ዘር፣ የዘር አካል። ሙያውን የሚማሩ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ነው። በኢትዮጵያ ሥጋ ደዌ ሲያክም የኖረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሌላ ስም የፈታው በዚህ ሥራው መሀል ነው። የደጋ ገበሬ እግር አብጦ ሲሻክር አማርኛ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሚታየውን ይናገራል። (ጥንታውያን ግሪኮችም ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለውን ነበር በዝሆን ስም የሚጠሩት፤ መደባለቁ የእኛ ብቻ አይደለም።) ፕራይስ ትንኝ የማታመጣውን ይህን ዝሆኔ «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው፤ እግርና አቧራ። እሳተ ገሞራ የወለደውን ቀይ አፈር በባዶ እግር መርገጥ የሚያመጣው ነውና፣ የግሪኩ ስም ጫማ አድርጉ ብሎ ይመክራል። የዝሆኑ ስም ይህን አይነግረንም።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሐኪሙ ከጥጥ ቆንጥሮ በጣቱ ያሾለዋል። «እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።» ክንዷን ይነካል፤ ታሳያለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጭ ቦታ በጥጡ ጫፍ ብቻ ይነካል። ሥጋ ደዌ ቢሆን ነርቩ ስለሚጎዳ ብዙ ጊዜ ቦታው ይደነዝዛል፤ ቆዳውም ፈዘዝ ይላል እንጂ እንዲህ እንደ ወረቀት ነጭ አይሆንም። ቢሆንም እንኳ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል፤ የሚሰጠውም በነጻ ነው።

የልጅቷ ጣት ነጩ ቦታ ላይ አረፈ።

«እናቴ፣ ለምጽ ነው። ሥጋ ደዌ አይደለም። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተኙ፣ ትምህርት ቤትም ትሂድ» አላት ሐኪሙ። የወንድሟ ልጅ ቅድም በአንድ ቃል ያለፈውን ነገር አሁን በጌዴኡፋ ሲያስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጀበት።