ጥናቱ ያልተቀበላቸው
ከታችኛው ኦሞ እስከ አርባ ምንጭ፦ የካላዛር ሕክምና ምርምርና ተመላሾቹ ሕመምተኞች

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ብሂሉ እውነት ነው። ሆኖም በሽታውን ሳይደብቅ ተናግሮ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ ጣፊያውን በመርፌ አስወግቶ ሲያበቃ «ለዚህ ጥናት አንቀበልህም» የተባለ ሕመምተኛ ምን ይሁን? ለዚህ ብሂሉ መልስ የለውም። በሕክምና ምርምር ታሪክ ውስጥ ጥናቱ የተቀበላቸው ሰዎች ተቆጥረውና ውጤታቸው ተመርምሮ ይገኛሉ። ያልተቀበላቸው ግን በአንድ አጭር አንቀጽ ይታለፋሉ። የእነዚህ ሰዎች ቅሬታ ከምን እንደመነጨና ባለሙያው ስለ እነርሱ ምን ዕዳ እንዳለበት ለመረዳት፣ ካላዛር በደቡብ ኦሞ ያለፈበትን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

የሐመር ወረዳ ከተማ የሆነችው ዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያዋ ይደምቃል። ከከተማይቱ ወደ ታች ሲወረድ የሚገኘው ቆላ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ኩይሳዎች የቆሙበት አገር ነው። የካላዛርን ተውሳክ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በደቡብ ኢትዮጵያ ከእነዚህ ኩይሳዎች ጋር የተቆራኘች መሆኗ በጥናት ታውቋል። በሽታው ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሰውነትን የሚያመነምን ሲሆን፣ ካልታከመ በአብዛኛው ለሞት ያደርሳል።

በዚህ አካባቢ የበሽታው መኖር በጽሑፍ የተገለጸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረ የአፍሪካውያን ወታደሮች ሻለቃ ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን ሰፍሮ ሳለ ብዙ ወታደሮች በካላዛር ታመሙ፤ የዚህም ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1942 ታተመ። ኋላም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ ምዕራብ ቆላ ወርደው በቆዳ ምርመራ የበሽታውን ስርጭት ያጠኑ ሲሆን፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል።

መመርመሩ እንዲህ ወደፊት ሲራመድ መድኃኒቱ ግን ባለበት ቆየ። ሕመምተኛው ለ30 ቀናት በየዕለቱ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳም ይችላል። ይህንን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ2003 የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎች በካርቱም ተሰብስበው አንድ የምርምር ኅብረት መሠረቱ። ኅብረቱ በሱዳን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በኢትዮጵያ ሰፊ ጥናት ሲጀምር፣ ከአገራችን የተመረጡት የጎንደርና የአርባ ምንጭ ሆስፒታሎች ነበሩ። ስለዚህ ከዲመካ ለሚነሣ ሕመምተኛ የጥናቱ ደጅ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ በኩል ተጉዞ የሚደረስበት አርባ ምንጭ ሆነ።

ደጁ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። የጥናቱ ደንብ ከ4 ዓመት በታችና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን አይቀበልም። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ ደማቸው እጅግ ያነሰና ቀደም ሲል የመስማት ጉድለት የነበረባቸውም ይመለሱ ነበር። እያንዳንዱ ክልከላ ምክንያት ነበረው። ለምሳሌ ፓሮሞማይሲን የተባለው መድኃኒት ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የማይሰማ ሰው ተጨማሪ ጉዳት ቢደርስበት ለይቶ ማወቅ ያዳግታል። ሌላ ጽኑ ሕመም ያለበት ሰውም ቢሞት የገደለው በሽታው ይሁን መድኃኒቱ መለየት አይቻልም።

ይህ ለተመራማሪው ግልጽ ነው። ለሕመምተኛው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ፍየሉን ሸጦ፣ ዘመድ አስከትሎ፣ ቋንቋውን በማያውቅ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ጥናትና ሕክምና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ካልነገረው፣ «አልተቀበሉህም» የሚለውን ቃል የሚሰማው «አትድንም» ብሎ ነው። በአስተርጓሚ አፍ ሲያልፍ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። ይልቁንም ሰውየውን የሚያስመልሰው ጽኑ መታመሙ ሲሆን ቅሬታው ይብሳል፤ እጅግ የታመመው እርሱ ሳለ፣ ከእርሱ የሚሻለው ገብቶ እርሱ ሲመለስ ያያልና። ይህን ሐዘን ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ተስፋ አድርጎ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ሐዘን ነው።

የጥናቱ ውጤት ሲታወቅ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ዘገባ መሠረት፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ፓሮሞማይሲንን ብቻ በመጀመሪያው መጠን ከወሰዱት መካከል ከስድስት ወር በኋላ ድነው የተገኙት ከመቶ 63.8 ነበሩ። የቀድሞውን መርፌ ከወሰዱት ግን ከመቶ 92.2 ድነዋል። በተለይ በሱዳን የአዲሱ መድኃኒት ውጤት ዝቅተኛ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ወቅት ከጥናቱ ውጭ ሆኖ በመደበኛው መርፌ የታከመ ሰው፣ ሌላ ጽኑ ሕመም ካልተጫነው በቀር፣ ተመርጠው ከገቡት ከአንዳንዶቹ የተሻለ ዕድል ነበረው ማለት ይቻላል። ጥናት የሚደረገው የሚሻለው ባለመታወቁ ነው፤ የሚሻለው ቢታወቅማ ዕጣ መጣል ባላስፈለገ ነበር። ተመርጦ የገባ ሁሉ የታደለ፣ የተመለሰም ሁሉ የተረገመ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የመጨረሻ ውጤት ደግሞ ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምሮ ለ17 ቀናት መስጠት ከ30 ቀኑ መርፌ ጋር ተቀራራቢ ፈውስ እንደሚያስገኝ አረጋገጠ፤ የዳኑት በቅደም ተከተል ከመቶ 91.4 እና 93.9 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጥምር ሕክምና ቀደም ብሎ በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ መክሮ ስለነበር፣ ጥናቱ ያልተቀበላቸው ሰዎች መንደርተኞችም የጥናቱ ፍሬ ተካፋይ ለመሆን በቁ።

ይሁን እንጂ ይህ መጽናኛ ለሁሉም አይበቃም። ኤች አይ ቪ ላለበት የካላዛር ሕመምተኛ የቀድሞው መርፌ ራሱ አደገኛ ነበር፤ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙዎችን ለሞት ዳርጓል። እነዚህን ሰዎች ከጥናት ማውጣት ከጉዳት ቢጠብቃቸውም፣ ሐኪማቸውን ያለ ማስረጃ አስቀርቷል። ክፍተቱን ለመሙላት ከኦሞ ርቆ፣ የቀን ሠራተኞች ለእርሻ ሥራ በሚጎርፉበት በሰሜን ምዕራቡ ቆላ፣ ለእነርሱው ብቻ የታሰበ ጥናት ተጀመረ። ዶክተር ኤርሚያስ ዲሮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 በጎንደርና በአብደራፊ ያካሄዱት ይህ ጥናት ከ60 የማይበልጡ ሕመምተኞችን የያዘ ነበር። አምቢዞምና ሚልቴፎሲን ተጣምረው ሲሰጡና ሕክምናው ሲራዘም ከመቶ 88 ያህሉ ከተውሳኩ ሲነጹ፣ አምቢዞም ብቻውን የረዳው ከመቶ 55ቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ጥምሩን ሕክምና መከረ። ትናንት ለመመለስ ምክንያት የነበረው ሕመም ለዚህኛው ጥናት መግቢያ ሆነ።

ተመሳሳይ ነገር በሌላውም ዓለም ታይቷል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1977 ልጅ ለመውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲገለሉ አዘዘ። ዓላማው ፅንስን መጠበቅ ሲሆን፣ ውጤቱ ግን ስለ ሴቶች የሚያስፈልገው ዕውቀት መጓደል ሆነ፤ ትእዛዙም በ1993 ተነሣ። የሄልሲንኪ መግለጫም በ2008 ሲሻሻል፣ በምርምር በበቂ ያልተካተቱ ወገኖች ተገቢ ዕድል እንዲሰጣቸው ደነገገ። ያም ሆኖ ነፍሰ ጡሮች ከካላዛር ጥናቶች እንደተገለሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 የተካሄደው የሚልቴፎሲንና የፓሮሞማይሲን ጥናትም አልተቀበላቸውም፤ ሚልቴፎሲን ፅንስን ይጎዳልና።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ባልደረቦች የሚወስዱት ትምህርት ቀላል ቢመስልም በሥራ ሲተረጎም ትዕግሥት ይጠይቃል። የተመለሰ ሕመምተኛ ቅሬታውን ለመቻል በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ምክንያቱን በገዛ ቋንቋው መስማት ነው። ቀጥሎም ከጥናቱ ቢወጣ ከሕክምናው እንዳልወጣ በቃል ብቻ ሳይሆን በዚያው ቀን በሚሰጠው መድኃኒት ሊረዳ ይገባዋል። ለምን እንደተመለሰም በመዝገብ ሊሰፍር ያስፈልጋል፤ የተመላሾች ቁጥር ካልተያዘ የሚቀጥለው ጥናት ለማን መሠራት እንዳለበት የሚያመለክት አይኖርምና።

ወደ ዲመካ የሚመለሰው ሰው በገበያው ቀን ጎረቤቶቹ «ምን አሉህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «አልፈለጉኝም» ብሎ ከመለሰ፣ ጣፊያው ያበጠ ሌላ ጎረቤቱ መንገዱን ሳይጀምር ይቀራል። «ለዚያኛው አልሆንክም አሉኝ፤ ይኸኛውን ግን ሰጡኝ» ካለ ግን ያ ጎረቤት ይነሣል። ከሁለቱ መልሶች የትኛው እንደሚነገር የሚወሰነው አስቀድሞ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነው።