ትምህርቱና ውኃው፦ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ታሪክ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠሮች

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በአካባቢ ሳይንስ ፈተና «እጃችንን የምንታጠበው መቼ መቼ ነው?» ለሚል ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ነበር። ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ አፈር ከነካን በኋላ ብሎ የጻፈበት እጅ ግን ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አላየም። ምንጩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ከዚያ የሚቀዳው ውኃ ለመምህራኑ መጠጥ እንኳ አይበቃም ነበር። መምህራችን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። መጽሐፉ ያዘዘውን አስተማሩን፤ እኛም የተማርነውን ጻፍን። ኋላ ምሕንድስና ተምሬ ለጉድጓድ ሥራ ወደዚያው አገር ስመለስ ያ ፈተና ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ጀመር።

ትምህርቱና ውኃው ሁልጊዜ እንዲህ ተለያይተው አልኖሩም። በ1945 ዓ.ም. በደምብያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ወደ ጤና ጣቢያ የሚላኩትም በአንድ ቡድን ነበር። ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው፤ ስለ ንጽሕና የሚያስተምረውም፣ መጸዳጃና የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውም እርሱ ነበርና። አስተማሪውና አስቆፋሪው አንድ ሰው የሆኑበት ይህ አሳብ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ወዲህ ከታሰቡት ሁሉ የተሻለው ነበር።

በትምህርት ቤቶች በኩል ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን ርዳታና በሕዝቡ መዋጮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ሲስፋፋ፣ የሁሉም ጥያቄ የመማሪያ ክፍል ነበር። ስለዚያ ታላቅ ሥራ ስንናገር እስከ ዛሬ የምንቆጥረው ክፍሎችን ነው፤ በግቢው ውኃ ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት ተማሪዎችና መምህራን ከማስተማሩ ጋር ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ስለ ጤና የሚያስነብቡ መጻሕፍትን አደረሰ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ጤና ከእርሻና ከተፈጥሮ ጥናት ጋር ተጣምሮ አካባቢ ሳይንስ በሚባለው ትምህርት ውስጥ ገባ። እኔም የተፈተንሁት በዚሁ ነው።

ስለ እግር ዝርዝር መናገር የግድ ነው፤ የዚህ አገር ዋና ጉዳይ በእርሱ ላይ ይታያልና። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች እግራቸው ቀስ በቀስ እያበጠ የሚደርስባቸው ሕመም ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ጥናት፣ በደጋውና በወይና ደጋው የሚታየው ይህ እብጠት በቆላ ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል የሚመጣ ሳይሆን፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ አፈር ቅንጣት በቆዳ በኩል ገብቶ የሚያመጣው መሆኑን አስረዱ። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት እንደታመሙ አሳይቷል። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም «የዘር ነው» ይባላል፤ ከታማሚ ቤት ጋብቻ ይሸሻል፤ የታማሚ ልጅም በክፍል ውስጥ ለብቻው የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ መምህር ይህን ሲያስተምር ስለ ጤና ብቻ አይደለም የሚያስተምረው፤ ጎረቤትን አለማግለልንም ጭምር ነው። ቀድሞ ግብረ ገብ ይባል የነበረውና በቅርብ ዓመታት በዚያው ስሙ የተመለሰው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

መከላከያው ግን ጫማና በየዕለቱ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሒሳብ ይመጣል። አንድ ሕፃን እጅና እግሩን ለመታጠብ ሁለት ሊትር ይበቃዋል ብንል፣ 500 ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት በቀን 1,000 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 50 ጊዜ መቅዳት ያስፈልጋል። ይህን ከቁልቁለቱ ግርጌ ማን ያመጣል? ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እነርሱም በር በሌለው መጸዳጃ ምክንያት በወር አበባቸው ቀን ከትምህርት የሚቀሩት ናቸው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል የተካሄደው የገጠር ውኃ ሥራ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ እንዲደርስ ተደረገ፤ ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ራሱ ቆፋሪ ይቀጥራል። የሚተከለው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕም በመንደር ሰው እጅ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩ ኋላ ወደ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ተስፋፋ።

በትምህርት ቤት ግን አንድ ችግር ይነሳል። በተሳተፍሁበት አንድ ሥራ ፓምፑ በተረከቡት በጥቂት ወራት ቆመ። ያለቀው አነስተኛ ዋጋ ያለው ጎማ ነበር። መንደርተኛው «የትምህርት ቤቱ ነው» አለ፤ ትምህርት ቤቱ ለመለዋወጫ የተመደበ በጀት አልነበረውም፤ እኛም ርክክቡን ፈርመን ሄደናል። ስንመለስ ሌላም ጉድለት አየን፤ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ የተከልነው በአዋቂ ቁመት ኖሮ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት አይደርሱበትም። ይህ ስሕተት የመምህሩ አይደለም፤ የንድፉ ነው፤ ንድፉ ደግሞ የእኔ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል፤ ፍኖተ ሰላምም የሰው ሕይወት ከጠፋባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ያ ጉድጓድ በተቆለፈው ግቢ ውስጥ ነው። ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧውን ዝቅ አድርገን፣ ከፓምፑ የሚፈሰው ትርፍ ውኃ በእግር መታጠቢያው ገንዳ በኩል እንዲያልፍ አድርገን ነበር፤ መለዋወጫ ጎማዎቹንም በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሳይሆን በአጥሩ አጠገብ ለሚኖሩ አንዲት እናት ሰጥተን ተለያየን።