የአየርላንድ ቀይና ነጭ ሴተር፦ ጠፋ ተብሎ የተመለሰ አዳኝ ውሻ

የአየርላንድ ቀይና ነጭ ሴተር በረግረግና በተራራ ላይ ወፍ ለማደን የተዘጋጀ ውሻ ነው። መደቡ ነጭ ሲሆን በላዩ ሰፋፊ ቀያይ ምልክቶች አሉት። ወንዱ ከ62 እስከ 66፣ ሴቷ ከ57 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። መላ ሰውነቱ ቀይ የሆነው ዘመዱ የአየርላንድ ሴተር በዓለም ዙሪያ ሲታወቅ፣ ቀይና ነጩ ግን በትውልድ አገሩ እንኳ በቁጥር ጥቂት ነው። ከሁለቱ በዕድሜ የሚቀድመው ይኸው ጥቂቱ እንደሆነ ይታመናል። ታሪኩ ሥራ አንድን እንስሳ እንዴት እንደሚቀርጸው፣ የመልክ ፉክክር ደግሞ እንዴት ሊያጠፋው እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠመንጃ በፊት

የሴተሮች ታሪክ ከጠመንጃ አደን ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስፓኒየል የሚባሉ አነፍናፊ ውሾች ወፎችን ከተሸሸጉበት እያስበረገጉ ለሠለጠነ ጭልፊት ያመቻቹ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወፉን ከማስበርገጋቸው በፊት ለአፍታ ድርቅ ብለው የመቆም ጠባይ ነበራቸው። አዳኞች ይህ ጠባይ ያላቸውን እየመረጡ አራቡ፤ የአፍታዋም ቆይታ በምርጫና በሥልጠና እየረዘመች ሄደች። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኪዝ በ1570 ስለ ብሪታንያ ውሾች በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ውሻ ራሱን ችሎ እንደሚቆም ዓይነት መዝግቦታል። እሱ እንደሚለው ውሻው ወፍ ሲያገኝ ድምፁን አጥፍቶ ይቆማል፤ ከዚያም ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እየተሳበ ወፎቹ ያሉበትን ያመለክታል።

አደኑ የተመሠረተው በቆቅ ጠባይ ላይ ነበር። ቆቆች አደጋ ሲመጣ ወዲያው አይበሩም፤ ተጠጋግተው ሣር ውስጥ ያደፍጣሉ። ውሻው ከፊታቸው እንደተኛ ሁለት ሰዎች የረጅም መረብ ጫፍና ጫፍ ይዘው ከኋላው ይመጡና በውሻውም በወፎቹም ላይ በአንድ ጊዜ ይጥሉታል። ውሻው ቆሞ ቢሆን መረቡን ይይዝባቸውና ወፎቹ ያመልጡ ነበር። ስለዚህ ዝቅ ብሎ መተኛት የሥራው ግዴታ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ሴተሮች ወፍ ሲያገኙ ወደ መሬት ዝቅ የሚሉት በዚሁ የቆየ ውርስ ነው።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ቀለል ያለ ጠመንጃ ሲስፋፋና የሚበርን ወፍ መተኮስ ሲለመድ መረቡ ቀስ በቀስ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ተኝቶ የሚጠብቅ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ቆሞ ከሩቅ የሚታይ ውሻ ሆነ። የአዳኙ እጅ ወደ ጠመንጃ ሲዞር የውሻውም አቋም አብሮ ተለወጠ።

የአየርላንድ መሬትና የባላባቶቹ ውሾች

በአየርላንድ ዋናው የአደን ወፍ ቀዩ ግራውስ ነው። የቆቅ ዘመድ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውና በዋናነት የሚመገበው በሄዘር ነው፤ ሄዘር ከኢትዮጵያ ደጋ አስታ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ አጭር ቁጥቋጦ ነው። የአየርላንድ ሄዘር በአብዛኛው እርጥብ ረግረግ ላይ የሚበቅል በመሆኑ ግራውሶቹ በሰፊ ቦታ ተበታትነው ይገኛሉ። አንድ መንጋ ለማግኘት ረጅም መሬት ማሰስ ያስፈልጋል። ውሻው ቀኑን ሙሉ ጭቃና ውሃ እየረገጠ የሚሮጥ፣ ብርድና ዝናብ የማይበግረው መሆን ነበረበት። ከቀይ ዘመዱ ይልቅ ጠንከር ያለው አጥንቱና ሰፋ ያለው ራሱ የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው።

ነጩ ቀለምም ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ ውሻ በቡናማና በወይን ጠጅ ቀለም ሄዘር መካከል ድርቅ ብሎ ሲቆም ከመሬቱ አይለይም፤ ጭጋግ በወረደ ጊዜማ ጭራሹን ይጠፋል። ነጭ ያለበት ውሻ ግን ሩቅ ኮረብታ ላይ ቢቆምም ይታያል። ውሻ ወፍ ይዞ መቆሙ የሚጠቅመው ጌታው ሲያየው ነውና፣ ብዙ አዳኞች ቀይና ነጩን ይመርጡ ነበር።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአደን መብት በባለርስቶች እጅ ስለነበር ውሾቹን የሚያራቡትም እነሱ ነበሩ። በሮስኮመን አውራጃ የፍሬንች ፓርክ ጌቶች የነበሩት የደ ፍሬይን ቤተሰብ አባላት ከ1793 ጀምረው የውሾቻቸውን የዘር ሐረግ በጥንቃቄ መዝግበዋል። በመዝገቡ ቀዩም፣ ቀይና ነጩም ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ሁለቱ እንደ ተለያዩ ዝርያዎች እንዳልታዩ ያሳያል። በሞናሃን አውራጃ ደግሞ የሎርድ ሮስሞር ቤተሰብ ቀይና ነጮቹን ለትውልዶች ስላራባቸው ውሾቹ በቤተሰቡ ስም እስከ መጠራት ደርሰዋል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዊልያም ዩዋት በ1845 ስለ አየርላንድ ሴተሮች ሲጽፍ ቀዩን፣ ቀይና ነጩን እንዲሁም ሌሎች ቅይጥ ቀለሞችን አብሮ ጠቅሷል።

በአደን ሜዳ ላይ

ውሻው የሚለቀቀው ነፋሱ ከፊቱ እንዲነፍስ ተደርጎ ነው። ከአዳኙ ፊት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተመላለሰ ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ መመላለስ ትንሽ ወደፊት ስለሚገፋ ያልታሰሰ መሬት አይቀርም። አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ዱካ አይከተልም፤ ራሱን ቀና አድርጎ ነፋሱ የሚያመጣውን የወፉን ሽታ ይቀበላል። ሽታው ሲደርሰው ሩጫው በአንድ ጊዜ ይቆማል። ጅራቱ ይቀናል፣ አንድ የፊት እግሩ አንዳንዴ ተነሥቶ ይቀራል፣ አፍንጫው ወፎቹ ወዳሉበት ይጠቁማል። አብሮት የሚሠራ ሌላ ውሻ ካለ ሽታው ሳይደርሰው እንኳ የጓደኛውን መቆም አይቶ ባለበት ይቆማል።

ከዚህ በኋላ አዳኞቹ በውሻው ግራና ቀኝ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጌታው ሲያዝዘው ውሻው በዝግታ፣ እግሩን እየመረጠ ወደ ወፎቹ ይጠጋል፤ ግራውሶቹም ይበራሉ። ተኩሱ ሲሰማ ውሻው ወዲያው መሬት ላይ ይተኛል። ይህ ሥርዓት የመጣው ከአሮጌው ጠመንጃ ነው። በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ባሩድና እርሳስ እስኪጎርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከመንጋው ዘግይተው የሚነሡ ወፎች አሉ። ውሻው ተነሥቶ ቢሮጥ ቀሪዎቹ ባዶ ጠመንጃ ፊት ይበሩ ነበር። ጠመንጃው ቢለወጥም ሥርዓቱ አልቀረም፤ የሚበር ወፍ ተከትሎ የማይሮጥ ውሻ ከጥይት መንገድም ይድናል።

ይህ ውሻ ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑም ይታወቃል። አስሶ ማግኘትና መቆም በደሙ ያለ ቢሆንም መታዘዝንና መታገሥን የሚማረው በጊዜ ነው፤ ተቆጥቶ ከሚያዝዘው ይልቅ ታግሦ ለሚያስተምረው ጌታ የተሻለ ይሠራል። ከግራውስ ሌላ በክረምት ረግረግ ላይ ለሚገኘው ስናይፕ፣ ለውድኮክና ለፌዛንት ለተባሉት ወፎችም ያገለግላል።

የቀዩ መንገሥ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሴተሮችን ዕድል የለወጡ ሁለት ነገሮች መጡ። የመጀመሪያው በብሪታንያ የተስፋፋው አዲስ የአደን ስልት ነው። ሰዎች ተሰልፈው ግራውሱን እያባረሩ ቦታ ይዘው ወደሚጠብቁ ተኳሾች ሲነዱት፣ አስሶ የሚያመለክት ውሻ አያስፈልግም። በአየርላንድ ወፉ የተበታተነ ስለሆነ በእግር እየሄዱ በውሻ ማደኑ ቀጠለ። ሁለተኛው የውሻ ትርኢት ነው። በ1859 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ የተካሄደው ትርኢት ፖይንተር ለሚባሉት አመልካች ውሾችና ለሴተሮች ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ዳኞቹ የሚያዩት ቅርጽንና ቀለምን እንጂ ኮረብታ ላይ የሚሠራን ውሻ አልነበረም። የውሾችን የአደን ችሎታ የሚለካ የሜዳ ውድድር የተጀመረው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1865 በቤድፎርድሸር ሳውዝሂል ነው።

በትርኢቱ መድረክ ወጥ የሆነ የሚያበራ ቀይ ፀጉር የዳኞችን ዓይን ማረከ። በ1862 የተወለደውና በትርኢት ዝናን ያተረፈው ፓልመርስተን የተባለ ቀይ ውሻ እጅግ ብዙ ቡችሎች ስለወለደ፣ ረጅምና ቀጭን የጭንቅላቱ ቅርጽ የቀዩ ሴተር መለያ ሆነ። በ1882 በደብሊን የአየርላንድ ቀይ ሴተር ክለብ ተቋቋመ፤ በ1886 የጸደቀው መስፈርቱ ነጭን የፈቀደው በደረት፣ በጉሮሮና በእግር ጣት ላይ ወይም በግንባርና በፊት ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ብቻ ነበር።

ቀይና ነጩ የተጎዳው ቀለሙ በሚወረስበት መንገድም ነው። ነጭ ምልክቱ እንዲታይ ቡችላው ባሕርዩን ከአባትም ከእናትም መውረስ አለበት፤ ከአንዱ ብቻ ከወረሰው ቀይ ሆኖ ይወለዳል፣ ባሕርዩ ግን ውስጡ ተሸሽጎ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ከሁለት ቀያይ ወላጆች አልፎ አልፎ ቀይና ነጭ ቡችላ ይወለድ ነበር። የቀዩን ዘር ለማጥራት የሚፈልጉ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ቡችሎች ያስወግዱ ጀመር። ያው የተሸሸገ ውርስ ግን ዘሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ።

የአገሩም ታሪክ ተጨመረበት። የ1903 የመሬት ሕግ የባለርስቶቹን መሬት ለገበሬዎች ማዘዋወሩን ሲያፋጥነው፣ ውሾቹን ያራቡ የነበሩ ትልልቅ ቤቶች አቅማቸው ተዳከመ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1919 እስከ 1921 የተካሄደው የነፃነት ጦርነትና እሱን የተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት አደኑንም እርባታውንም አቃወሱት። ብዙዎች ቀይና ነጩ ሴተር ጠፍቷል ብለው ደመደሙ።

የዘሩ መመለስ

ዘሩ ግን አልጠፋም ነበር፤ በገጠር አንዳንድ አዳኞች ስለ ትርኢትና ስለ ክለብ ሳይጨነቁ ለሥራቸው ብለው ጥቂት ውሾች ይዘው ቆይተዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዳውን አውራጃ የባሊናሂንች ቄስ የነበሩት ኖብል ሂውስተን ከዘመዳቸው ከዶክተር ኤሊየት ጋር ሆነው እነዚህን ውሾች ማሰባሰብና ማራባት ጀመሩ። ቄሱ ውሾቻቸውን በማንኛውም ክለብ አላስመዘገቡም፤ የትኛው ከየትኛው እንደተገናኘ የጻፉት በቤተ ክርስቲያናቸው መዝገብ ላይ ነው። የምእመናን ጥምቀትና ጋብቻ በሚሰፍርበት አጥቢያ የውሾቹም የዘር ሐረግ ተጠብቆ ቆየ።

በ1940 ቄስ ሂውስተን ታምማ የነበረች አንዲት ሴት ቡችላ ሞሪን ከዲ ለተባሉ ሴት ሰጧት። ጁዲት ከኒንግሃም የተባለችው ይህች ውሻ ድና አደገች፣ ወለደችም፤ የዛሬዎቹ ቀይና ነጭ ሴተሮች ሐረግ ወደ እርሷ ይመራል። በ1944 ዝርያውን የሚንከባከብ ማኅበር ተመሠረተ፤ እርባታው ግን ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቆየ።

ይፋዊው ጥረት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የአገሪቱ የውሻ ዝርያዎች መዝጋቢ የሆነው የአየርላንድ ኬኔል ክለብ የቀይና ነጩን መመለስ እንዲከታተል ለቀይ ሴተር ክለብ ጥያቄ አቀረበ፤ በ1981ም ለዝርያው ራሱን የቻለ የሜዳና የትርኢት ማኅበር ተቋቋመ። አንድ ዘመን ነጩን ከደጁ ያስወጣው ክለብ በሌላ ዘመን የመመለሱን ሥራ መደገፉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ምዕራፍ ነው። በ1980ዎቹ ውሾቹ ወደ ብሪታንያና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገሩ፤ ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1989፣ የአሜሪካው ኬኔል ክለብ ደግሞ በ2009 ሙሉ እውቅና ሰጧቸው።

የዛሬው ይዞታ

ከጥቂት ውሾች የተነሣ ዘር የጥቂቶቹን ሕመም ይዞ ይመጣል። ቡችሎች ገና ሳያድጉ በኢንፌክሽን እንዲሞቱ የሚያደርግ የነጭ ደም ሕዋስ ጉድለትና ደም በወቅቱ እንዳይረጋ የሚያደርግ በሽታ በዝርያው ታይተዋል። ለሁለቱም የዘረ መል ምርመራ ስለተገኘ አርቢዎች ተሸካሚ ውሾችን ለይተው እርስ በርስ እንዳይገናኙ ማድረግ ይችላሉ። የዘሩን መሠረት ለማስፋት ከተመረጡ ቀያይ ሴተሮች ጋር የማዳቀል ፈቃድም ተሰጥቷል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፍሬንች ፓርክ መዝገብ እንደሚያሳየው ሁለቱ ቀድሞም አንድ ቤት ነበሩ። የብሪታንያው ኬኔል ክለብ ዝርያውን በዓመት ከ300 ያነሱ ቡችሎች ከሚመዘገቡላቸው ተጋላጭ አገር በቀል ዝርያዎች ጋር ይቆጥረዋል።

ግራውሱም በአየርላንድ ተመናምኗል። ረግረጉ ለማገዶ አፈሩ ሲቆረጥ፣ ኮረብታው በደን ሲሸፈንና በበጎች ሲጋጥ፣ ሄዘሩም ወፉም አብረው ቀንሰዋል። በአየርላንድ ሪፐብሊክ የግራውስ አደን የሚፈቀደው በመስከረም (ሴፕቴምበር) ወር ብቻ ነው፤ በብዙ ቦታ አዳኞቹ ራሳቸው ከመተኮስ ይልቅ መኖሪያውን ማደስን መርጠዋል። ሴተሮችና ሌሎች አመልካች ውሾችም አዲስ አገልግሎት አግኝተዋል፦ በጸደይ ጥንዶቹን፣ በበጋ ጫጩቶቹን ለመቁጠር በሄዘር መካከል ያደፈጠውን ወፍ ፈልገው ያገኛሉ። ቆጠራው በተኩስ አያልቅም እንጂ ውሻው የሚሠራው በአደን ጊዜ የሚሠራውን ነው።

ዝርያውን የመለሱት ሰዎች ካለፈው የወሰዱት ትምህርት በመስፈርቱ ላይ ሰፍሯል። መስፈርቱ ውሻው በዋናነት ለአደን ሜዳ የሚራባ መሆኑን ይገልጻል፤ የትርኢት ዳኞችም በቅድሚያ በሥራ ዓይን እንዲመዝኑት ያሳስባል። በብሪታንያም ለዚህ ዓይነት አዳኝ ውሾች ሙሉ የሻምፒዮንነት ማዕረግ የሚሰጠው ከትርኢቱ ድል በተጨማሪ በሜዳ ላይ መሥራት መቻላቸው ሲረጋገጥ ነው። ቀይና ነጩን አንድ ጊዜ ለመጥፋት ያደረሰው መልክን ከሥራ መለየት ስለነበር፣ የዘሩ ቀጣይነት የሚወሰነው ሁለቱን አስተባብሮ በመያዝ ነው።