ስለ ቁናና ስለ ሚዛን፤ ከይፋግ ገበያ ታሪክ ጋራ

በትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር የኢየሩሳሌምን መከበብ በሥራ እንዲያሳይ ነቢዩን ባዘዘው ጊዜ፥ ስንዴና ገብስ፥ ባቄላና ምስር፥ ከሌሎችም ሁለት ዓይነት እህል ጋራ በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ እንጀራ እንዲጋግር፥ ከዚያም በየቀኑ 20 ሰቅል ብቻ እየመዘነ እንዲበላ ነገረው። ውኃውን ግን በመስፈሪያ፥ ከኢን ስድስተኛውን እጅ እንዲጠጣ አዘዘው። እንጀራው በሚዛን ውኃው በስፍር መሆኑ ስለ ምን ነው? የዚህ ነገር ምሥጢር የሚገለጠው የመጽሐፉን ቃል ከገበያ ልማድና ከአገር ታሪክ ጋራ አስተያይቶ ለሚመረምር ሰው ነው።

አስቀድሞ የመብሉ ልክ ይታወቅ። የዕብራውያን ሰቅል 11 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 20 ሰቅል 230 ግራም ያህል ይሆናል። በኢትዮጵያ ገበያ ሲሠራበት የኖረው የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ለነቢዩ የተፈቀደለት የቀን እንጀራ በሚዛን ቢቀመጥ ከ8 ብር ክብደት እምብዛም አይበልጥም ነበረ። ይህ ነፍስን ከሥጋ እንዳትለይ የሚያቆያት እንጂ የሚያጠግብ አይደለም።

በመጽሐፍ እንጀራ በሚዛን በተነገረ ጊዜ ነገሩ የረኀብ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 26 ሕጉን ለሚተላለፍ ሕዝብ ከተነገረው ቅጣት አንዱ እንጀራውን በሚዛን ተቀብሎ በልቶ አለመጥገቡ ነው። በራእየ ዮሐንስ በምዕራፍ 6 በጥቁር ፈረስ የተቀመጠው ሚዛን ይዞ ታየ፤ ስንዴው አንድ እርቦ በዲናር፥ ገብሱ ሦስት እርቦ በዲናር ተባለ። በወንጌለ ማቴዎስ በምዕራፍ 20 ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው፤ እርቦውም አንድ ሰው በቀን የሚበላው ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ስንዴ ቢገዛ ራሱን ብቻ ያበላል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተርፈው ነገር የለም።

ስፍር ግን ብዙ ጊዜ ከጥጋብ ጋራ ይነገራል። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 41 ዮሴፍ የሰበሰበው እህል ከብዛቱ የተነሣ መስፈሩ ቀረ። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 16 መናው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር ተሰፈረ፤ ብዙ ለለቀመ አልተረፈም፥ ጥቂት ለለቀመም አልጎደለም። ጌታም በወንጌለ ሉቃስ በምዕራፍ 6 ስለ መስጠት ሲያስተምር የተጠቀጠቀና የተነቀነቀ፥ ከአፉም አልፎ የሚፈስስ መስፈሪያን ምሳሌ አደረገ። ሚዛን ሞልቶ አይፈስስም፤ ሞልቶ መፍሰስ የመስፈሪያ ነው።

የአማርኛም ቋንቋ ይህንኑ ይመሰክራል። ለሎሌና ለድኻ ዘመድ የሚሰጠው እህል ቀለብ ሲባል፥ ሰጪው ቀለብ ሰፈረለት ይባላል እንጂ መዘነለት አይባልም። የበዛውም ነገር ሁሉ ስፍር ቍጥር የለውም ይባላል። ሚዛን የሚለው ቃል ግን ለፍርድና ለኅሊና ይነገራል።

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅና ሰሜን፥ በፎገራ ሜዳ ዳር ያለች ቦታ ናት፤ ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ መንገደኛ ያገኛታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በቤጌምድር ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ቈላ የተቈረጠው አሞሌ ጨው በሰቆጣ በኩል አልፎ ወደዚያ ይወርድ ነበረ፤ ከጎጃምና ከዓባይ ማዶ የሚመጣውም ቡና ወደ ጎንደርና ወደ ምጥዋ በሚወስደው መንገድ ያልፍ ነበረ። የሜዳውም ባላገር ጤፉንና ኑጉን፥ ቅቤውንና ከብቱን ይዞ ይወጣ ነበረ።

እንደዚህ ባለ ገበያ ሦስት ዓይነት ልክ ይሠራበት ነበረ፤ እነዚህም ቍጥርና ሚዛን ስፍርም ናቸው። አሞሌው ይቈጠራል። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራበትና ከተቈረጠበት አገር በራቀ ቍጥር ዋጋው እንደሚከብድ ጽፏል። ነገር ግን አሞሌ በመንገድ ጠርዙ ይሰበራል፥ በክረምት እርጥበት ይሟሟል፤ በቍጥር አንድ የሆነው በክብደት አንድ አይሆንም። ወርቅ በወቄት፥ ቡናም በነጥርና በፈረሱላ ይመዘናል፤ በብዙ ገበያም ብሩ ራሱ እንደ ወቄት ድንጋይ ሆኖ በሚዛን ይቀመጥ ነበረ። እህል ግን ከሣር በተሰፋው ቁና ይሰፈራል፤ በብዙ አገር 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ውድ ነገር ለነጋዴው በሚዛን፥ የዕለት መብል ለሁሉ በቁና ነበረ ማለት ነው።

የቁናው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እኩል አልነበረም። ሁለተኛም አንዱን ቁና አፉን በእጅ ጠርጎ መስፈር ይቻላል፥ ከምሮም መስፈር ይቻላል። ክምሩን የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው፤ የአፉ ስፋት እጥፍ ቢሆን ክምሩ 8 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ቁናዎች ተጠርገው እኩል ቢይዙ፥ ሲከመሩ ግን አፈ ሰፊው አብልጦ ይወስዳል። ሦስተኛም ነቅንቆ የሰፈረና ዝም ብሎ ያፈሰሰ እኩል አይሰጡም፤ ይልቁንም ዱቄት ሲነቀነቅ ብዙ ይወርዳል።

አራተኛም እህል ሁሉ በአንድ መስፈሪያ እኩል አይከብድም። የእንግሊዝ አገር ሰዎች ቡሽል በሚሉት መስፈሪያ በአሜሪካ ሲነግዱ፥ አንዱ ቡሽል ስንዴ 60 ፓውንድ፥ ገብስ 48፥ አጃ 32 ይመዝናል ተብሎ ተደነገገ። ከዚህ በኋላ የሕዝቅኤል ነገር ይገለጣል። ስድስት ዓይነት እህል በአንድ ዕቃ በተቀላቀለ ጊዜ መስፈሪያው እውነቱን አይናገርም፤ ስለዚህ እንጀራው ተመዘነ። ውኃ ግን በአንድ ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ነው፥ አይከመርም አይጠቀጠቅምም፤ ስለዚህ ተሰፈረ። አንድም፥ እንጀራው የተመዘነው በተከበበች ከተማ ሞልቶ የሚፈስስ መስፈሪያ ስለማይገኝ ነው።

እንዲህም ስለ ሆነ ሚዛን ከነውር የነጻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 በአንድ ከረጢት ሁለት የሚዛን ድንጋይ፥ አንዱን ታላቅ አንዱን ታናሽ አድርጎ መያዝ ተከለከለ፤ በዚያውም ምዕራፍ በአንድ ቤት ሁለት መስፈሪያ መያዝ ተከለከለ። ውኃ የነካው እህል በሚዛን ይከብዳል፤ ጠጠርም ይመዘናል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የወቀሳቸው ነጋዴዎች መስፈሪያውን አሳንሰው ሰቅሉን አከበዱ፤ እህል ሲሰጡ በታናሽ ዕቃ፥ ብር ሲቀበሉ በከባድ ድንጋይ ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሚዛንን ከመስፈሪያ አላበላለጠም። የጠላው ለመቀበል አንድ፥ ለመስጠት ሌላ ልክ መያዝን ነው።

ይህ ነገር ከነጋዴው ይልቅ እህል ለሚቀበለው ጌታ ይከብዳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1789 የፈረንሳይ ባላገር ለንጉሡ ባቀረበው አቤቱታ ውስጥ ከበዙት ቃሎች አንዱ፥ መኳንንቱ ግብር የሚቀበሉበት መስፈሪያ ከዘመን ወደ ዘመን ሰፋብን የሚል ነበረ። የግብሩ ቍጥር አልተጨመረም፤ ዕቃው ብቻ አደገ። በ1795 የሜትር ሥርዐት በሕግ ሲታወጅ ለመላው አገር አንድ ልክ የተደረገው ስለዚህ ጭምር ነው። በኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓፄ ምኒልክ ወታደር በገበሬ ቤት ማደሩ ቀርቶ ገበሬው የእህሉን ዐሥራት እንዲሰጥ ደነገጉ። ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ ከዐሥር አንዱን መቍጠር ለማንም ግልጥ ነበረ፤ ነገር ግን ያ አንዱ ቁና ተጠርጎ ነውን ወይስ ተከምሮ? ፍርዱ በቍጥሩ ሳይሆን በቁናው አፍ ላይ ነበረ።

ክፉ ቀን የተባለው ዘመን፥ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው፥ የቁናን ነገር አጥብቆ ያስረዳል። በዚያ ዓመት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ የከብት እልቂትም ከባሕር ወገን ተነሥቶ በመላው ደጋ ሲያልፍ በሬ ጠፋ፥ ማረሻም ቆመ። በቀድሞው ልማድ የእህል ዋጋ የሚነገረው በአንድ ብር ወይም በአንድ አሞሌ ይህን ያህል ቁና እየተባለ ነበረ። ስለዚህ ረኀብ ሲገባ ብሩ ያው አንድ ብር ሆኖ ሲኖር ቁናው ይቀንሳል፤ ከቁና ወደ ግማሽ፥ ከግማሽ ወደ እፍኝ ይወርዳል። ሻጩ ዋጋ ጨመርሁ አይልም፤ ገዢው ግን ወደ ቤቱ የያዘውን አይቶ ያውቃል። የዮሐንስ ራእይ ስለ እርቦና ስለ ዲናር የተናገረው በዚህ ዓይነት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ልኩ ተለወጠ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 የክብደትና የልክ አዋጅ ወጥቶ ኪሎግራምና ሊትር የሕግ ልክ ሆኑ። በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሩዝ ሲለመድ ሚዛን ይልቁን አስፈለገ፤ ሩዝ ከነገለባው ሲሰፈር ዕቃውን ይሞላል፥ ሲፈተግ ግን ከ100 ኪሎ 65 ያህል ይቀራል። ለችግረኛ በሚሰጠው የሴፍቲኔት ቀለብም ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ እህል ተወስኗል፤ ይህ ለቀን 500 ግራም፥ ሕዝቅኤል ከበላው እጥፍ የሚበልጥ ነው። ነገር ግን ከጆንያው ወደ ድኻው ከረጢት የሚያልፈው በሰው እጅ ነው፤ ኪሎው በወረቀት ቢጻፍም የሚሰፍረው እጅ ጣሳውን ሊያጐድለው ወይም ሊሞላው ይችላል።

በተአምረ ማርያም የተነገረውና በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የተሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሁለቱን ልኮች በአንድነት ያሳያል። የበላቸው 78 ነፍሳት በአንዱ ወገን ተመዘኑ፤ በሌላው ወገን የተቀመጠው ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ብቻ ነበረ፤ ያም የድኻውን ጉሮሮ ከማራስ አላለፈም። እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልበት ግን ጥርኙ ውኃ መዘነ። ጥርኝ የስፍር ሁሉ ታናሹ ነው፤ ወደ ሚዛን የወጣውም በእጅ የተሰፈረው ነው።

የአገር ሰው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል። ይህም ቃል ከወንጌል ትምህርት ጋራ አንድ ነው። ስለዚህ ግብር የሚቀበልና ቀለብ የሚሰጥ ሰው ሁሉ፥ ካህንም ቢሆን መኰንን፥ የሚቀበልበት ቁናና የሚሰጥበት ቁና አንድ መሆኑን ይመርምር። ሁለት ሆነው ያገኛቸው እንደ ሆነ ታናሹን ይጣል፤ ለድኻው በታላቁ ይስፈር።