ሐረገ ትውልድን ፍለጋ፦ ከአየርላንድ አጥቢያዎች እስከ ሆሳዕና ቀበሌዎች

በመጽሐፈ ዕዝራ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ከባቢሎን ምርኮ ወደ ኢየሩሳሌም ከተመለሱት ካህናት መካከል አንዳንዶቹ የትውልዳቸውን መዝገብ ፈልገው ስላላገኙት ከክህነት እንደ ተከለከሉ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች የአባቶቻቸው ልጆች ስለ መሆናቸው ራሳቸው ጥርጥር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ዘመኑን በባዕድ አገር ከፈጸመ ሕዝብ መካከል ማን የማን ወገን እንደ ሆነ የሚመሰክረው ከአንደበት ይልቅ ጽሑፍ ነበርና፣ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተገኘ ከመሠዊያው ራቁ። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከጊምቢቹ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ እየተነሡ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረዱትን የሐዲያና የከምባታ ልጆች ባሰብሁ ቁጥር ይህ ምዕራፍ በአእምሮዬ ይመላለሳል፤ ምክንያቱም በጆሃንስበርግ የሚወለደው የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን የአያቱን ቀዬ ሲፈልግ፣ የሚያገኘውም ሆነ የሚያጣው ዛሬ እኛ በምንጽፈውና ሳንጽፍ በምንቀረው ነው።

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቈጥረዋል፤ ሆኖም ከዚያ በፊት የታወጀው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የመኖርና የመሥራት መብት ሰጥቶታል። እስከ ቅድመ አያት መድረሱ ትልቅ ቸርነት ነው። ቸርነቱ ግን የሚጠቅመው የቅድመ አያቱን ስምና አገር በማስረጃ ማሳየት ለሚችል ብቻ ነው።

ይህን መንገድ ከእኛ አስቀድመው የሄዱበት የአየርላንድ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድንች በበሽታ እየጠፋ በተነሣው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠውም በመርከብ ተጭኖ ተሰደደ፤ የሚበዛውም ወደ አሜሪካ ሄደ። በአገሩ የሁሉም ልደት፣ ሞትና ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1864 ስለ ነበር፣ በረኃቡ ዘመን የወጣው ስደተኛ ከኋላው የመንግሥት የልደት ወረቀት አልተወም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር መጨረሻ 1922 በርስ በርሱ ጦርነት መነሻ ላይ በደብሊን ከተማ የነበረው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ጋየ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች አብዛኛው ክፍል፣ በዚያ በአደራ ተቀምጠው የነበሩ እጅግ ብዙ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መዝገቦችም በአንድነት አመድ ሆኑ። የካቶሊኮቹ መዝገበ ጥምቀት ግን በየአጥቢያው በካህናቱ እጅ ቀርቶ ስለ ነበር ከእሳቱ ተረፈ። ድሀው ካህን በሣጥኑ ያኖረው ደብተር መንግሥት በድንጋይ ቤት ካከማቸው ብራና ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ይህም ደብተር በፊልም ተነሥቶ ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገሩ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ተከፈተ።

ሆኖም ወደዚያ ደብተር ለመድረስ ተወላጁ የአያቱን አጥቢያ ማወቅ አለበት፤ አጥቢያውን የሚነግረው ወረቀት ደግሞ የሚገኘው በተሰደደበት አገር ነው። አሜሪካ ዜግነት የሚሰጠው በሁለት እርምጃ ነበር፤ አስቀድሞ ሰውየው ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስታውቃል፣ ቀጥሎ በአገሩ 5 ዓመት መኖሩን አስመስክሮ አቤቱታውን ለፍርድ ቤት ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1906 ሕግ በፊት እያንዳንዱ ፍርድ ቤት በራሱ ልማድ ይጽፍ ስለ ነበር፣ በብዙው መዝገብ ላይ የሚገኘው ሰውየው ለእንግሊዝ ንግሥት የነበረውን ታዛዥነት መካዱና «አየርላንድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከ1906 በኋላ ግን የተወለደበት ስፍራና ቀን፣ የመጣበት መርከብና የደረሰበት ቀን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲሞላ ታዘዘ። ከዚያ ዓመት በፊት ዜግነት የተቀበለው ሰው ልጆች አገር ብቻ ወረሱ፤ ከዚያ በኋላ የተቀበለው ሰው ልጆች የመንደር ስም አገኙ። አየርላንድም በበኩሏ አያቱ በደሴቲቱ ላይ የተወለደ ሰው በውጭ አገር ልደቶች መዝገብ ተጽፎ ዜጋዋ እንዲሆን ትፈቅዳለች።

የእኛም ስደተኛ በዚህ አንጻር ሲታይ ያሳስበኛል። በፕሪቶሪያ ወይም በደርባን የስደተኛ ጽሕፈት ቤት ፊት የቆመ ወጣት የትውልድ ስፍራውን ሲጠየቅ፣ የሶሮም ሆነ የሌሞ፣ የሻሾጎም ሆነ የባዳዋቾ ገጠር ልጅ ቢሆን፣ ለጸሐፊው በቀለለ መንገድ «ሆሳዕና» ወይም በደፈናው «ኢትዮጵያ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሐዲያ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ ተነባቢውን ይደርበዋል፣ ሌላው አናባቢውን ያስረዝመዋል፤ የአየርላንዶቹም የቤተሰብ ስም መነሻዎች «ኦ»ና «ማክ» ከብዙ ስሞች ላይ እንዲሁ ተቈርጠው ቀርተዋል። በእኛ ዘንድ ከልጅ ወደ ልጅ የሚለወጠው የአባት ስም በባዕድ አገር የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይረጋል፤ ከሦስት ትውልድ በኋላ የሚኖረው ልጅ የሚጠራበት ሰው አባቱ ሳይሆን ቅድመ አያቱ መሆኑን የሚነግረው ካልተገኘ፣ የትውልዱን ቍጥር ይስታል። በእኛ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. የተወለደውም ዓመቱ ሳይመለስ እንዳለ ከተጻፈ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በዕድሜው ላይ ይጨመርበታል።

በአገር ቤትስ ምን አለ? የሐዲያ ምድር ስም ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ጀምሮ ይገኛል፤ በሆሳዕና ያለው ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው ንግሥት እሌኒ ከሐዲያ ገዥ (ገራድ) ቤት ወጥተው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ስለ ሆኑ ትውልዳቸው ተጽፎላቸዋል። የተራው ሰው ትውልድ ግን በሽማግሌዎች አንደበት ኖረ። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙትን የሐዲያ ታሪክ ሲያዘጋጁ ከጽሑፍ ምንጮች ባሻገር የተደገፉት በየጎሣው ካሉ አዋቂዎች ባሰባሰቡት የቃል ትውፊት ላይ ነው፤ ዛሬ ከእነዚያ ሽማግሌዎች የሚበዙት ዐልፈዋል።

የሃይማኖት ቤቶች መዝገብ በዚህ ጊዜ ታላቅ ዋጋ አለው፤ ብቻ አንባቢው ጠባዩን ይወቅ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ከጥምቀቱ ቀን ወደ ኋላ በመቍጠር የልደቱን ቀን ማግኘት ይቻላል፤ ሆኖም የተጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ከሆነ ባለቤቱን ለማወቅ የቤተሰቡ ምስክርነት ያስፈልጋል። በካቶሊኮች ሥርዓት የወላጆችና የክርስትና አባትና እናት ስም ይጻፋል፣ ሲያገባም ጋብቻው በዚያው መዝገብ ላይ ይታከልለታል። ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርደው በሆሳዕና አጠገብ በላምቡዳ ከከፈቱት ሥራ ጀምሮ በተስፋፋው የወንጌላውያን እምነት ደግሞ የሚጠመቀው ያመነ ሰው ስለሆነ፣ የጥምቀቱ ቀን ስለ ልደቱ ቀን አይናገርም።

መንግሥትም ቢሆን ዘግይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ፣ ሰፊ ድንጋጌ ይዞ ሳለ፣ ያው ሕግ ራሱ በመጨረሻው ክፍሉ የመዝገቡን ሥራ በሌላ ትእዛዝ እስኪጀመር አቆየው፤ የቆየውም ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጉዞ ሲጀመር የተነሣው ወጣት፣ በረኃቡ ዘመን ከአየርላንድ እንደ ወጣው ሰው፣ ያለ መንግሥት የልደት መዝገብ ሄዷል ማለት ነው።

የሞቱም ነገር አለ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ስሙ ያልታወቀ ሰው በባዕድ መቃብር ሲገባ፣ እናቱ ሐዘን የምትቀመጥበት ቀን እንኳ አይኖራትም፤ ሚስቱ ባል አላት ወይም የላትም የሚል ወረቀት አታገኝም። ከዚህ የሚከፋ የመዝገብ ጉድለት አላውቅም።

ስለዚህ በሆሳዕናና በዱራሜ ያላችሁ ወላጆች፣ በውጭ ያላችሁም ልጆቻችሁ፣ ጽሑፉን አትናቁት። ለጉዞ የሚነሣ ሰው የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም በግዕዝ ፊደል ጽፎ ለቤቱ ይተው፣ ግልባጩንም ይያዝ፤ በማንኛውም የውጭ አገር ቅጽ ላይ ከከተማው ስም በፊት ወረዳውንና ቀበሌውን ያስመዝግብ፤ የልደት ዓመቱ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ያረጋግጥ። ካህናትና የአጥቢያ መሪዎችም አሮጌውን መዝገብ ፎቶግራፍ አንሥተው ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ስፍራ ያኑሩ። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ፤ መዝጋቢውም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገኛል።