የአቴንስ የግብር መዝገብ፦ የመጀመሪያው የድንጋይ ሐውልት

እብነ በረድ፣ ከጴንጤሊ ተራራ
ቁመት፦ ከ3.5 ሜትር በላይ
ከ454 እስከ 439 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ
አቴንስ፣ አክሮፖሊስ

ጠጋ ብለው ይመልከቱ። በስተግራ ቁጥር፣ በስተቀኝ የከፋዩ ከተማ ስም ተቀርጿል፤ ልሙጡ ስፍራ ስብርባሪውን ለማያያዝ በኋላ የተሞላ ነው። ቁጥሩ ሙሉው ግብር አይደለም፤ ለአቴና አምላክ በበኩራት የተሰጠው ከ60 አንዱ እጅ ነው። በ60 ሲባዛ የከተማው የዓመት ግብር ይገኛል።

ገንዘቡ መጀመሪያ የተዋጣው ፋርስን ለመመከት ነበር። አቴንስ የምትመራው የግሪክ ከተሞች ማኅበር በ478 ሲቋቋም ግምጃ ቤቱ በዴሎስ ደሴት ነበር፤ በ454 ወደ አቴንስ ተዛወረ፤ መዝገቡም የሚጀምረው ከዚያው ዓመት ነው። መዋጮው ግብር፣ አባሉም ገባር ወደ መሆን አዘነበለ። ልውጣ ያሉትን ናክሶስንና ታሶስን አቴንስ ቀድሞውኑ በጦር መልሳቸው ነበር።

በ431 ከስፓርታ ጋር ጦርነት ተከፈተ። በቅርብ የሚጠቀሱት ሰበቦች የኮርኪራ፣ የሜጋራና የፖቲዳያ ጠቦች ናቸው። ፖቲዳያ የቆሮንቶስ ሰፋሪዎች ከተማ ሆና ለአቴንስ ትገብር ነበር፤ በ432 አመፀች። በጦርነቱ የአቴንስ አዛዥ የነበረው ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲዲስ ግን እውነተኛውን ምክንያት ከሰበቦቹ ይለየዋል፦ የአቴንስ ማየልና በስፓርታ ያሳደረው ፍርሃት። ይህ ድንጋይ የአቴንስን ማየል በአኃዝ ያሳያል። ስፓርታ በበኩሏ ከተባባሪዎቿ ወታደር እንጂ ቋሚ ግብር አትጠይቅም ነበር።